ፕላኑ ከውኃው ይጀምር

(በከተማችን የ10 ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ረቂቅ ላይ ለመወያየት በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ብዙም አልተነካም።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? በሰላም ያሰባሰበን ፈጣሪ ይመስገን። በዚህ ጊዜ በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዙሪያው የገጠር ቀበሌ በእግራችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ምስጋናዬ ለእናንተ ይቅደም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የውኃ ሠራተኛ ነበርኩ። ቧንቧ ዘርግቻለሁ፤ ፓምፕ ጠግኛለሁ፤ ቆጣሪ ገጥሜአለሁ። ፕላን አውጪ አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከማውቀው ነገር ተነስቼ ነው። የማውቀው ውኃ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፕላን አያስፈልግም የሚል ሰው እዚህ የለም። ባሕር ዳርን ያየ ሰው ፕላን ምን እንደሚሠራ ያውቃል። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ፕላኗን ሲነድፉ ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ ሰፋፊ ጎዳናዎቿን፣ የዘንባባ ዛፎቿን እያየን የምናደንቀው ያኔ ቀድሞ የታሰበበት ነገር ስለነበር ነው። እኛም እንዲህ ያለ ፕላን እንፈልጋለን። ግን አስቡት፤ ፕላኑ የሚወጣው ለ10 ዓመት ነው፤ የሚያስቀምጠው ነገር ግን ለልጅ ልጅ ይቀራል። አንዴ የተሠራ መንገድ ከቦታው አይነሳም። አንዴ ቤት የተሠራበት መሬት ተመልሶ ሣር አይሆንም። ለዚህ ነው ዛሬ፣ ረቂቅ እያለ፣ የምንናገረው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ተቃውሞዬ ሦስት ነው። አንደኛው ስለ ጨፌው ነው። ሁለተኛው ስለ ገበያው ነው። ሦስተኛው ስለ ዳር ገበሬው ነው። አንደኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ካርታውን ያያችሁ አላችሁ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ። አያችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ጥቂቶች ናችሁ። ካርታው ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተለጥፏል። ቢጫው መኖሪያ ነው፤ ቀዩ ንግድ ነው፤ አረንጓዴው መናፈሻና ደን ነው። ከድልድዩ በላይ ያለውን ጨፌ ፈልጉት። በምን ቀለም ተቀብቷል? በቢጫ። ከዳር እስከ ዳር በቢጫ። ጨፌው መኖሪያ ሰፈር ሊሆን ነው ማለት ነው።

ጨፌውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጥምቀት ታቦታቱ የሚያድሩት ከጎኑ ነው። በበጋ ከብቶቻችን እርጥብ ሣር የሚያገኙት እዚያ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ትዝታ አይደለም። ጨፌው ሥራ አለው። ስለ ሥራው ነው የምናገረው።

ሥራው ምንድን ነው? እኛ ጋ ዝናቡ በአብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሚያዝያ የምንጠጣውም ያንኑ የክረምቱን ውኃ ነው። እስከዚያ ድረስ ማን አቆየልን? መሬቱ ነዋ! ከላይ ጮቄ ያቆይልናል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ያ ተራራ ነው ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን፣ ጀደብን የሚያወርድልን። ጓሳ ሣሩና ጅብራው ባለበት ቦታ መሬቱ ውኃ ይይዛል። ታርሶ ገብስና ድንች በሚዘራበት ቁልቁለት ላይ ግን ውኃው አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ጨፌውም በአቅሙ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የክረምቱን ጎርፍ ይቀበላል። ያበርደዋል። ደለሉን ያስቀራል። ውኃውን ቀስ እያደረገ ወደ ታች ያሰርጋል። ከሥሩ ያለው ምንጭ በጋውን ሙሉ የማይነጥፈው ለዚህ ነው።

ይህንን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። ሥራ ስጀምር አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ምንጭ መለካት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መሣሪያው ባልዲና ሰዓት ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከምንጩ አፍ ሥር ታስቀምጣለህ። እስኪሞላ ሰከንዱን ትቆጥራለህ። ሊትሩን ለሰከንዱ ታካፍላለህ። በቃ። «በክረምት ለክተህ እንዳትታለል» ይሉኝ ነበር። «በሚያዝያ ለካው። የምንጭ አቅም የሚታወቀው በሚያዝያ ነው።»

የምንለካቸው ምንጮች ሁለት ነበሩ። አንዱ ከጨፌው በታች፣ ሌላው ከጋራው ሥር። ኋላ ከጋራው ላይ የነበረው ቁጥቋጦ ተመነጠረና ባሕር ዛፍ ተተከለበት። ባሕር ዛፉ አደገ። የጋራው ምንጭ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄደ። ባልዲው ለመሙላት እየቆየ፣ እየቆየ መጣ። በመጨረሻ በሚያዝያ ስንሄድ ድንጋዩ ብቻ ረጥቦ እናገኘው ጀመር። አሁን እሱም የለም። የጨፌው ምንጭ ግን አለ። ዛሬም አለ። ቧንቧው ሲቋረጥ ጄሪካን ይዘን የምንሰለፈው የት ነው? እዚያ አይደለም እንዴ?

ባሕር ዛፍን ለመኮነን አይደለም ይህን የምለው። ቤታችን የቆመው በእሱ ነው። የብዙዎቻችን ልጆች የተማሩት እሱ ተሸጦ ነው። እኔ የምለው፣ ከምንጭ በላይ ያለ መሬት ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ ምንጩ ላይ ይታያል ነው። ባሕር ዛፍ ይህን ካደረገ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ምን ሊያደርግ ነው?

እሺ፣ ጨፌው ላይ ቤት ተሠራ እንበል። አንደኛ፣ ቤቱ ራሱ ችግር ላይ ይወድቃል። የጨፌው አፈር ዋልካ ነው። በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረቱም አብሮ ይነሳል፤ አብሮ ይወርዳል። ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ገንዘብ ያለው ሰው ዋልካውን አስቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ ይሞላል። በማኅበር ተደራጅቶ፣ ቆጥቦ፣ ተበድሮ ቦታ የሚያገኘው መምህር ወይም ነርስ ግን በምኑ ያስሞላል?

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤቱ። ከተማችን የፍሳሽ መስመር የላትም። ሁሉም ሰው የሚቆፍረው ጉድጓድ ነው። ጨፌ ላይ በክረምት ብዙም ሳትቆፍር ውኃ ታገኛለህ። ጉድጓዱ ሰው ሳይጠቀምበት ይሞላል። የሞላው ወዴት ይሄዳል? ቁልቁል። ቁልቁል ያለው ምንድን ነው? ምንጩ። እናቶች፣ አተት ሲገባ ማን እንደሚታመም ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ጎርፉ። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በከተማዋ መሐል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በዚያ ሌሊት ግን ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። በቤታቸው ተኝተው ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መዓት አይምጣ። ግን ዛሬ እዚህ ያላችሁትን ባለሙያዎች በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጨፌው እስከ ዛሬ ሲቀበለው የኖረውን ውኃ ነገ ማን ይቀበለዋል? ቱቦ ነው? በየት በኩል የሚያልፍ ቱቦ? ረቂቁን ገጽ በገጽ አይቼዋለሁ። መልሱ የለበትም።

ስለ ውኃ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁ የሕዝባችን ቁጥር በ10 ዓመት ውስጥ በጣም እንደሚያድግ ይናገራል። መልካም፣ እንደግ። ስለ መንገድ ብዙ ገጽ ተጽፏል። ስለ ንግድ ማዕከል ብዙ ገጽ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ሰው ስለሚጠጣው ውኃ የተጻፈው ግን «አዳዲስ የውኃ ምንጮች ይለማሉ» የሚል ነው። የት ነው የሚለሙት? አልተጻፈም። መሬቱ ምን ያህል ይሰጣል? አልተጻፈም። ደረቅ ቢወጣስ? አልተጻፈም።

እስቲ አብረን እናስላ። ወጣቶች፣ ስልካችሁን አውጡ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። 40 ሺህ ሰው ሆንን እንበል። 40 ሺህ በ50 ስንት ነው? 2 ሚሊዮን ሊትር። በየቀኑ። አሁን በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ ጥልቅ ጉድጓድ አገኘን እንበል። ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 576 ሺህ ሊትር ያወጣል። ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉድጓድ 4 ያስፈልገናል። መንገድ ላይ ከአሮጌው መስመር የሚፈሰውን አልቆጠርኩም። ፓምፕ ሲቃጠል የሚሆነውንም አልቆጠርኩም። 4 ጉድጓድ የት ይቆፈራል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ቢጫ ቀለም እንዴት ይቀባል?

ሐረርን አስቡ። ሐረር ውኃዋን የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ከተሞቹ ቀዱት፤ እርሻው ቀዳው፤ ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ሐይቅ! ከዚያ በኋላ ውኃው ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል፣ በረጅም ቧንቧ እንዲመጣ ሆነ። እኛ ሐይቅ የለንም። ያለን ጨፌና ምንጭ ነው። እሱንም በገዛ እጃችን በካርታ ላይ ሰረዝነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው። ጨፌው በአረንጓዴ ይቀባ። ዙሪያው ይከለል። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት በሙሉ የውኃ ጥበቃ ቦታ ተብሎ በፕላኑ ላይ በስሙ ይጻፍ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ እዚህ ላይ አላስረዝምም። ገበያው ከመሐል ከተማ ወጥቶ ከአዲሱ መናኸሪያ ባሻገር ይሁን ተብሏል። የከብት ተራው ይውጣ፤ እኔም እስማማለሁ። መሐል አስፋልት ላይ በሬ መንዳት ለሰውም ለከብቱም አደጋ ነው። እህሉ፣ ጌሾው፣ በርበሬው፣ ጉሊቱ ግን ለምን? ድንችና ሽንኩርት በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ ሴት ትርፏ ስንት ነው? ለባጃጅ ከፍላ ምን ይተርፋታል? ሸጣ ስትጨርስ ወፍጮ ቤቱ፣ ጨርቅ ሱቁ፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ለዚህች ሴት «አስተያየትሽ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃት አለ? እዚህ ካላችሁ የጉሊት ነጋዴዎች የተጠየቀ አለ? የለም። ገበያው ይሻሻል። መጠለያ ይሠራለት፤ ውኃና ሽንት ቤት ይግባለት፤ የጎርፍ መውረጃው ይጠረግለት። ለማሻሻል ግን ማባረር አያስፈልግም።

ሦስተኛው የዳር ገበሬው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልጠራም። አንድ አባት ነበሩ፤ ጥሩ የጤፍ መሬት ነበራቸው። በአንድ ወቅት ለከተማው ውኃ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር የተቆፈረው በእሳቸው ማሳ ላይ ነው። የቀረውም መሬታቸው ቀስ በቀስ ለከተማ ማስፋፊያ ተወሰደ። ካሣ ተቀበሉ። በማስፋፊያው ዳር ላይ ትንሽ ቦታ ተሰጣቸውና ጎጆ ቀለሱ። ከጊዜ በኋላ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ቧንቧ አስገባልኝ» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። መስመሩ አይደርስም። ወደ ከተማው ውኃ የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ ከበራቸው አጠገብ ያልፋል፤ ከእሱ ላይ ግን ቅጥያ አይፈቀድም። ማከፋፈያ መስመር ደግሞ በዚያ ሰፈር አልተዘረጋም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታም ገና አልወጣላቸውም፤ ያለ ካርታ ቆጣሪ አይገጠምም። ውኃው ከገዛ ማሳቸው ነው የሚወጣው። በደጃቸው ነው የሚያልፈው። እሳቸው ግን ከጋሪ ላይ በጄሪካን ይገዛሉ። ምን ልበላቸው? ስንት ቢሮ አብሬአቸው ዞርኩ። ቧንቧው ሳይገባላቸው አረፉ።

አሁን ያለውን ረቂቅ ሳይ እኚህ አባት ይመጡብኛል። በካርታው ላይ ከከተማው ዳር ዙሪያውን «የማስፋፊያ ቦታ» የሚል ተጽፏል። ባዶ መሬት ነው የሚመስለው። ባዶ ነው እንዴ? የእያንዳንዱ ቃዳ መሬት ባለቤት ስም አለው። ጤፉ፣ በቆሎው፣ ስንዴው አለ። ቤተ ክርስቲያን አለ፤ መቃብር አለ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ አለ።

ሕጉ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከበፊቱ የተሻለ ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። በ1997ቱ አዋጅ የመፈናቀያ ካሣው የ10 ዓመት ገቢ ነበር። አሁን ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ጥሩ። ግን አስቡት። የገበሬው ልጅ ዛሬ 20 ዓመቱ ነው። የ15 ዓመቱ ገቢ ሲያልቅ 35 ዓመቱ ይሆናል። ከዚያስ? ደግሞ ገንዘቡ የሚሰላው በዛሬ የጤፍ ዋጋ ነው። ጤፍ ገዝቶ የሚበላው ግን በነገ ዋጋ ነው። ያው አዋጅ ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት በፊት እንዲወያይ ያዛል። የዳር ገበሬዎች፣ ይህን መብታችሁን ያዙ። በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ልቀቁ የሚል ቢመጣ ሕጉን አሳዩት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መንገድ ተዘግቶ መኪና አልገባ ባለ ጊዜ ይህችን ከተማ ማን አበላት? ከሩቅ የመጣ እህል አይደለም። እነዚሁ የዳር ገበሬዎች ናቸው። ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ወተቱን በአህያና በጀርባ ያመጡልን እነሱ ናቸው። ያንን ጊዜ ረሳነው? ሌላ እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣ የማስፋፊያ ቦታው ምን ያበላናል?

ታዲያ ከተማ አይደግ ወይ? ይደግ። ግን መጀመሪያ የተወሰደው ይቆጠር። ዓመታት ያስቆጠረ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ ስንት ነው? ሁላችንም በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። ሣር በቅሎበታል። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ቦታ የወሰደ ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል። ይህ ሕግ እኛ ከተማ ላይ ይሥራ። የታጠረው ይቆጠር፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፍ። ያ ሞልቶ ሲያልቅ ስለ ገበሬው መሬት እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት አይሆንም። ከዚያ በፊት አይሆንም!

ያለፈው ፕላንም ይታይ። በዚያ ፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታ የተባለው የት ደረሰ? የትምህርት ቤት ቦታ የተባለውስ? አሮጌው ሳይገመገም አዲሱ ምን ላይ ነው የሚቆመው?

የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ እናንተን አልወቅስም። ጊዜው አጭር ነው፤ በጀቱ ትንሽ ነው፤ ጥናቱን የሠራው አማካሪ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ይገባኛል። ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሕዝብን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ኮሪደር ላይ ካርታ መለጠፍ ውይይት አይደለም። በፕሮጀክተር ለሰዓት ያህል ማሳየትም ውይይት አይደለም። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ረቂቁ በየቀበሌው በሚገባ ቋንቋ ይነበብ። የገበያ ቀን ገበያው ላይ፣ የሰንበቴና የዕድር ቀን እዚያው ተገኝታችሁ አስረዱን። የአስተያየት ጊዜው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይራዘም። ለምን ሚያዝያ? ምንጩን አብረን እንድንለካ። መሐንዲሶቻችሁ ይምጡ። እኔም እመጣለሁ። የተገኘው ቁጥር በፕላኑ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ በሩ ስትወጡ ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ ማመልከቻ አለ። ሦስቱ ነጥቦች ተጽፈውበታል። ያላመናችሁበትን ነጥብ ሰርዙ፤ የቀረ ካለ ጨምሩ፤ ከዚያ ፈርሙ። ማንበብ ለማትችሉ እናቶችና አባቶች ልጆቹ ያነቡላችኋል፤ በጣት አሻራ መፈረም ይቻላል። ከየቀበሌው አንድ አንድ ሰው ትመርጣላችሁ። ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እንገናኝና አብረን ገብተን ገቢ ማኅተም አስመትተን እንወጣለን።

ጥያቄ ያለው ካለ አሁን መድረኩ ክፍት ነው። ከኋላ ከቆማችሁት እንጀምር።